ዓሣ አንበሪ ይዤ ጎንደር፦ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 23፤ አዘዞና ማራኪ

ቦሌ ፍተሻ ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ከላይ 30 ሜትር የናይለን ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «ይሄ ለምንድን ነው?» አለችኝ ፈታሿ። «የዓሣ አንበሪ ርዝመት ነው። ጎንደር ለተማሪዎች ላሳይበት ነው» አልኳት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ገመዱን አየችና ሻንጣውን ዘጋችው። «ጎንደር ባህር አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስቱንም ቀን ይህንኑ ጥያቄ ስመልስ ሰነበትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅቡቲ ወደብ በትራንዚት ሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ስንዴ፣ ማዳበሪያና የምግብ ዘይት የጫኑ መርከቦችን ሰነድ ነበር የምከታተለው። አንድ ዓርብ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በጀልባ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወጣን። ዶልፊኖች ከጀልባችን ፊት ለፊት ብቅ ጥልቅ ሲሉ አየሁ። አንዷ ልጇን ከጎኗ ይዛለች። ልጇ ለመተንፈስ ብቅ ስትል እናትየዋም አብራት ብቅ ትላለች። ከኋላችን ደግሞ ኮንቴይነር የተደረደረበት ትልቅ መርከብ ወደ ወደቡ እየገባ ነበር። ሰነዱ በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣ መርከብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶልፊኖችና ዘመዶቻቸው ዓሣ አንበሪዎች የት እንደሚወልዱ፣ የት እንደሚበሉ፣ በየት እንደሚያልፉ ማንበብ አልተውኩም።

ጎንደር የምታስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለችኝ። የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ የትምህርት ቤቷን የተፈጥሮ ክበብ የምትመራውም እሷ ናት። «ነይና ለልጆቼ ንገሪልኝ» ስትለኝ ዓመት አልፏታል። በዚህ ጥር ተሳካልን።

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ማራኪ ኮንትራት ታክሲ 1,200 ብር ጠራብኝ። ተከራክሬ በ900 ወጣሁ። መንገዱ ላይ ለቅዳሜ ገበያ የሚነዳ በግና ፍየል ሞልቶት ነበር። ሾፌሩ አልተቆጣም፣ ጥሩምባም አላበዛም። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ሰዓት ጥሩምባ ብቻ ነበር የምንሰማው።

ያረፍኩት ጓደኛዬ እናት ቤት ነው። እማማ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዶሮው ተሠርቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ዳጣው ለብቻው በሰሃን ቀርቧል። «ከሰኞ ጀምሮ ነነዌ ነው፤ ዛሬና ነገ በደንብ ብዪ» አሉኝ። ስንበላ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ዓሣ አንበሪ አሁንም አለ እንዴ ልጄ? እኔ ከዮናስ ጋር የቀረ መስሎኝ!»

አለ እማማ፣ አልኳቸው። እንደ እኛ አየር ነው የሚተነፍሰው። ውሃ ውስጥ ሆኖ ትንፋሹ ሲያልቅበት ይወጣል። እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። ያጠባል።

«ያጠባል?»

ያጠባል።

«እንግዲያማ ዓሣም አይደል» አሉና ጉርሻውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ በሁለት ሰዓት ገለጻ ለተማሪዎች ላስረዳ ያሰብኩትን እማማ በአንድ ጉርሻ ጨረሱት።

እሑድ፣ ጥር 24፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቆየን። ጣሪያው ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች የትም ብትቆሙ ያዩዋችኋል። አንድ ዲያቆን ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ንቦች ወጥተው ይህቺን ቤተ ክርስቲያን እንዳዳኗት የሚነገረውን ታሪክ ነገረን። ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ከጎንደር ሰው አፍ ሲሰማ ግን ሌላ ነው።

እኔን የያዘኝ ግቢው ነው። ቅጥሩ ውስጥ ጥድና ወይራ ጥላ ሠርተዋል፤ ወፉ አይጣል ነው። ከቅጥሩ ወጥታችሁ ወደ ኮረብታዎቹ ስታዩ ግን መሬቱ ገላጣ ነው። ሩቅ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። «እያንዳንዱ አረንጓዴ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለችኝ ጓደኛዬ። ደኑን ያቆየው ቅጥሩና የሰዉ ክብር ነው።

ታዲያ ባህር ላይ ቅጥር እንዴት ይታጠራል? ዓሣ አንበሪ ዛሬ እዚህ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ አገር ውሃ ውስጥ ነው። ከመከለል በፊት ማወቅ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሥር አንድ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ሥራው ለባህር አጥቢ እንስሳት ጠቃሚ የሆኑ ቦታዎችን በማስረጃ መለየት ነው። የየአካባቢው ተመራማሪዎች ለአንድ ሳምንት ያህል ይሰበሰቡና ያላቸውን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። በጀልባና በአውሮፕላን የተደረገ ቆጠራ አለ። በጅራቷ ሥር ባለው ነጭና ጥቁር ምልክት አንዷን ከሌላዋ የሚለዩበት ፎቶ አለ። ውሃ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ አለ። ከዚያ ካርታው ላይ መስመር ያሰምራሉ። መስመሩን በስብሰባው ያልነበሩ ሌሎች ባለሙያዎች ይመረምሩታል። ማስረጃው ካላረካቸው ይመልሱታል። እስካሁን ከ200 በላይ ቦታዎች በዓለም ካርታ ላይ ሰፍረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። መስመሩ ሕግ አይደለም። ማንንም አያስርም፣ መርከብም አያስቆምም። «እዚህ ይወልዳሉ፣ እዚህ ይበላሉ፤ ከዚህ በኋላ አላወቅንም አትበሉ» የሚል ነው። ሕጉን ማውጣት የመንግሥታቱ ፋንታ ነው። እኔ ግን ለዚህ ካርታ ትልቅ ክብር አለኝ። ማዕድን ሊቆፍር የመጣ፣ ወደብ ሊሠራ የመጣ፣ መርከብ የሚያሠማራ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርታው የት አለ?» ብሎ ነው። ካርታ ላይ የሌለ እንስሳ ደግሞ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ለጓደኛዬ ፒያሳ ቡና እየጠጣን የሰማዳይን ነገር ነገርኳት። ግብፅ ውስጥ፣ ማርሳ አለም አጠገብ ያለ የኮራል ሪፍ ነው። ሌሊቱን ሲያድኑ ያደሩ ዶልፊኖች ቀን እዚያ ገብተው ያርፋሉ። ቱሪስቱ ይህን አወቀና በጀልባ ይጎርፍ ጀመር። እንስሳቱ እንቅልፍ አጡ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ውሃው በተንሳፋፊ ምልክት ተከፋፍሏል። ጀልባ ውጭ ይቆማል፣ ዋናተኛ በተፈቀደለት ቦታ ይዋኛል፣ የሚያርፉበት ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይገባም። «እንደ መቅደስ በይኛ!» አለችኝ። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረኝም፤ ለሰኞ ወሰድኩት።

ቡናው 40 ብር ነው። ሁለተኛውን ባለቤቷ ራሷ ጨመረችልን፤ «እንግዳ ናት» ብላ አላስከፈለችንም።

ሰኞ፣ ጥር 25፤ ትምህርት ቤት

መብራት የለም። ፕሮጀክተሩ፣ ላፕቶፑ፣ ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ስላይድ ሁሉ ዋጋ አጣ። አርባ የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠው እያዩኝ ነው። ግማሾቹ ጾመኞች ናቸው። ገመዱን አውጥቼ «ሜዳው ላይ እንገናኝ» አልኳቸው።

ገመዱን ከባንዲራው ሥር ጀምረን ዘረጋነው። ቤተ መጻሕፍቱን አለፈ። የውሃ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ነው ያለቀው። «የሰማያዊ ዓሣ አንበሪ ትልቋ እስከዚህ ትደርሳለች» አልኳቸው። ገመዱ ላይ ሰባት ሜትር ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ ነበር። «ይሄ ደግሞ ዛሬ የተወለደች ልጇ ናት።» አንድ ትንሽ ልጅ ቀዩ ጨርቅ ድረስ በእርምጃ ለካና ዞሮ አየኝ። «ሲወለድ ከሚኒባስ ይበልጣል!» አለ። ትክክል ነው፤ ይበልጣል።

ከዚያ ጠየቅኳቸው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ለዓሣ አንበሪ የቅርብ ዘመዱ ማነው? ሻርክ አሉ። አዞ አሉ። ዝሆን ያለም ነበር። ዝሆን እንኳ ባህር ውስጥ ሣር ከሚግጠው ከባህር ላም ጋር ነው የሚዛመደው። መልሱ ከእነሱ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣና ውስጥ ተኝቷል። ጉማሬ ነው። የሁለቱ የጋራ አያት የኖረው የዛሬ 55 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ጉማሬዋ ውሃ ዳር ቀረች፣ የዓሣ አንበሪ ወገን ወደ ባህር ገባ። ሜዳው ጸጥ አለ። «እና ጎንደር የዓሣ አንበሪ ዘመድ አላት ማለት ነው» አለች አንዲት ልጅ። አዎ፣ አላት።

ባለሙያዎቹ ቦታ ለመለየት የሚጠቀሙባቸውን ስምንት መስፈርቶች በጠመኔ ግድግዳው ላይ በጥያቄ ጻፍኳቸው። እንስሳው የመጥፋት አደጋ ላይ ነው? ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ እዚያው የሚኖር ነው? በብዛት ይሰበሰብበታል? ይወልድበታል? ይመገብበታል? ያልፍበታል? ከሌላው የሚለየው ነገር አለው? ብዙ ዓይነት ዝርያ በአንድ ላይ ይገኝበታል? ከስምንቱ አንዱ በማስረጃ ከተሟላ ቦታው ለእጩነት ይቀርባል።

ጉማሬ የባህር እንስሳ አይደለም። ጥያቄዎቹን ለመለማመድ ግን ይሆናል አልን። ጓደኛዬ ጣናን በትልቅ ወረቀት ስላ ነበር። ልጆቹ ጉማሬም ዓሣም የት የት እንዳለ በግምት ነጥብ አደረጉበት። ካርታው በነጥብ ተሞላ። ነገ ጎርጎራ ወርደን እዚያ የሚኖር ሰው እናስፈትሸዋለን ብለን ተለያየን።

አንድ ልጅ ተከትሎኝ መጣ። «መርከብ ዓሣ አንበሪን ይገጫል?» አለኝ። ይገጫል። በሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ዝርያ የቀረው ከ400 በታች ነው። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የመርከብ ግጭት፣ ሌላው የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 ማብቂያ ጀምሮ በተለዩ ቦታዎችና ወቅቶች ትልልቅ መርከቦች ከ10 ኖት በላይ እንዳይሄዱ ከልክላለች። 10 ኖት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። «ባጃጅ ዳገት ሲወጣ» አለኝ። ልክ እንደዚያ ነው።

ማታ ቤት ስደርስ ጉሮሮዬ ዘግቷል። እማማ ተልባ በሙቅ ውሃ አደረጉልኝ። የሱፍ ፍትፍቱን ሁለት ጊዜ አስጨመሩኝ። ዮናስን የዋጠው ለምን መልሶ እንደተፋው ደግሞ እሳቸው ነገሩኝ፤ ሙሉውን፣ ከነጸሎቱ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26፤ ጎርጎራ

ሚኒባሱ ለቀኑ 6,500 ብር ነው። ስምንት ተማሪዎች፣ ጓደኛዬና እኔ። ሾፌሩ ከመነሳታችን በፊት ሦስት ቦታ ደውሎ መንገዱን አጣራ። «ሰላም ነው፤ ግን ከአሥር ሰዓት በፊት ከጎርጎራ እንነሳለን» አለን። ተስማማን።

አዘዞን አልፈን ወደ ደንቢያ ሜዳ ስንወርድ አገሩ ተለወጠ። ጥቁር አፈር፣ ዳር እስከ ዳር ሽምብራ። ልጆች በመንገዱ ዳር የሽምብራ እሸት በእቅፍ ይዘው ይሸጣሉ፣ አንዱ እስር 30 ብር። ሦስት እስር ገዛን። ያዘዙት ከማይጾሙት ልጆች መሀል ያሉት ነበሩ። ሌሎቻችን ለዘጠኝ ሰዓት አስቀመጥነው።

ቆላ ድባ ከመድረሳችን በፊት ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው አየር የለውም። ሾፌሩ ሞተር ሳይክል ለምኖ ጎማውን ይዞ ሄደ፤ እኛ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀመጥን። ጎሚስታው 350 ብር ተቀብሏል፤ እኛ ግን የከፈልነው በሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሄደብን። ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ጎርጎራ ስንደርስ ሐይቁ ነጭ አረፋ ለብሷል። ጀልባ የያዘልን ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ ከልጆች ጋር አይሆንም።» ትክክል ነበር። ተማሪዎቹ ግን ከፋቸው፤ እኔንም ከፋኝ።

ያኔ ነው አሮጌ መረብ ሲጠግኑ የነበሩትን ሰውዬ ያገኘናቸው። ስድሳ ዓመት ያልፋቸዋል። የጎርጎራ ልጆች ጋሼ ስለሚሏቸው እኛም ጋሼ አልናቸው። ካርታውን ዘርግተን ልጆቹ የነጠቡትን አሳየናቸው። ብዙ ዝም ብለው አዩት። «ይሄ ማን ነው የነገራችሁ?» አሉ በቀስታ።

ማንም አልነገረንም፤ ገምተን ነው፣ አልናቸው።

«እህ» አሉ። አጠገባቸው ከተቀመጠው እሸት አንዱን ቆንጥረው ፈለፈሉት። ጾመኛ ስለሆኑ አልበሉትም። አረንጓዴዋን ፍሬ ካርታው ላይ አስቀመጡ። «ጉማሬዋ ስትወልድ እዚህ ነው የምትገባው፤ ደንገሉ ያለበት። ዱሮ ደንገሉ እስከዚህ ነበር» አሉና በጣታቸው ረጅም መስመር ሄዱ። አሁን ግን ለእርሻ እየተቆረጠ፣ በሌላ በኩል ደግሞ እምቦጭ እየገባ ያለው ጥቂት መሆኑን ነገሩን። ሌላ ፍሬ ፈለፈሉ። «ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ወንዝ ሊወጣ እዚህ ይሰበሰባል። መገጭ አፍ ላይ። እዚህ ደግሞ ድርማ።» ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መሆኑንም ነገሩን። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙ ውስጥ ጠጠር ላይ ነው።

ከዚያ ያላሰብነውን ነገር አደረጉ። የፈለፈሉትን ልጣጭ ከጭናቸው ላይ ሰበሰቡና እሱንም አንድ በአንድ ካርታው ላይ ያስቀምጡ ጀመር።

«ይሄስ ምንድን ነው ጋሼ?»

«መረብ ነው።»

ጎንበስ ብለን አየን። ፍሬው ባለበት ሁሉ ልጣጩ አለ። መገጭ አፍ ላይ አንዲት ፍሬ በአምስት ልጣጭ ተከባለች። ሐይቁ መሀል፣ ልጆቹ ነጥብ የሞሉበት ቦታ፣ ፍሬም ልጣጭም የለም። «ሰው መረቡን የሚጥለው ዓሣው ያለበት ነው እንጂ ባዶ ውሃ ላይ ይጥላል?» አሉ። ቀጭኑ የፕላስቲክ መረብ ሲመጣ ደግሞ ትንሹም ትልቁም እንደሚያዝ ነገሩን።

እኔ ስሪላንካ ትዝ አለችኝ። ከደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ አጠገብ ሰማያዊ ዓሣ አንበሪዎች የሚመገቡበት ውሃ አለ። በዓለም ላይ መርከብ ከሚበዛባቸው መስመሮች አንዱ የሚያልፈውም በዚያው ነው። ፍሬና ልጣጭ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ይህን ካሳዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ኤምኤስሲ የተባለው ትልቅ የመርከብ ኩባንያ በራሱ ፈቃድ መርከቦቹን ወደ ደቡብ ራቅ አድርጎ ማሳለፍ ጀመረ። ልጣጩ ጥቂት ጣት ሲርቅ ፍሬዋ ትድናለች። ይህን ለልጆቹ ያስረዳሁት እዚያው፣ በጋሼ ሽምብራ ነው። ከዚያ በፊት ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ለራሴም የገባኝ ያኔ ነው።

ነፋሱ አንድ ጊዜ መጣና የካርታውን ጫፍ አነሳው። ፍሬዎቹ ተንከባለሉ። ልጆቹ ጮኹ። ጥሩነቱ አንዲት ተማሪ ጋሼ ባስቀመጡ ቁጥር በእርሳስ ሥር ሥሩን ስትከብ ነበር። ማንም አላዘዛትም። አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ያዝንና ከእርሳሱ ላይ መልሰን ደረደርነው።

በዘጠኝ ሰዓት ጋሼም አብረውን በሉ። ምግብ ቤቷ ሽሮና ጎመን አላት፣ ለአንድ ሰው 180 ብር። «ዓሣ ከሐሙስ ነው» አለች ባለቤቷ ማንም ሳይጠይቃት። ደብረ ሲና ማርያምን ከውጭ ተሳልመን፣ በሰዓታችን ወደ ጎንደር ተመለስን። ጉማሬ አላየንም። ጋሼ ግን የጓደኛዬን ስልክ ቁጥር ተቀብለዋል።

ረቡዕ፣ ጥር 27፤ እንደገና ትምህርት ቤት

መብራት መጥቷል። ስላይዱን ግን አልከፈትኩትም።

የሰኞውን ካርታና የማክሰኞውን ጎን ለጎን ሰቀልናቸው። ልጆቹ ራሳቸው አነጻጸሩ። ከሰኞው ነጥቦች ሦስቱ ብቻ ጋሼ ካሉት ጋር ገጠሙ። ያፈረ የለም። «ለምን መሀሉ ላይ ነጠብን?» ብለው ተከራከሩ። ውሃ የበዛበት ቦታ እንስሳ የበዛበት ስለመሰላቸው ነው። ባህሩም እንደዚያ ነው። ሰፊው ውሃ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሕይወቱ ግን ጥግ ጥጉን ይዞ ነው ያለው።

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥብቅ ማዕከል፣ በዙሪያው መካከለኛ ክልል፣ ከዚያ ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት ክልል አለው። ከክበቡ ልጆች ይህን የሚያውቅ አንድ ብቻ ነበር። እንግዲህ የጋሼ ፍሬዎች ከየትኛው ክልል እንደሚወድቁ ማጣራት የክበቡ የሚቀጥለው ሥራ ሆነ። ውጤቱን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ሊያቀርቡ ተስማምተዋል።

መጨረሻ ላይ ይመጣል ብዬ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ መጣ። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ነው የጠየቀው። «ስለ ጣና ገባኝ። ባህር ግን የለንም። ስለ ዓሣ አንበሪ እኛን ምን አገባን?»

የዓለምን ካርታ አንስቼ ኦማንን አሳየሁት። እዚያ ዳርቻ ሃምፕባክ የሚባሉ ዓሣ አንበሪዎች አሉ። የሌላው ዓለም ሃምፕባክ ለመብላት ወደ ቀዝቃዛው፣ ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ውሃ ሺዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እነዚህ ግን አይሄዱም። ዓመቱን ሙሉ ዓረቢያ ባህር ውስጥ ናቸው፤ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ። ከሌሎቹ ተለይተው 70 ሺህ ዓመት ገደማ እንደኖሩ የዘር ጥናት ያሳያል። ኦማን ዳርቻ ያሉት ከ100 በታች ተብለው ነው የሚገመቱት። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳላላ ከተማ ላይ ለምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስና ለዓረቢያ ባህሮች ስብሰባው ሲደረግ ባለሙያዎቹ ያን ውሃ ቁጭ ብለው መርምረዋል።

አሁን ነዳጃችን ከየት ነው የሚመጣው? አልኩት። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች። በየት በኩል? ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ ሄደ። ኦማንን ዞሮ፣ ዓረቢያ ባህርን ቆርጦ፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ጅቡቲ ደረሰ። ትናንት የተሳፈርንበት ሚኒባስ በዚያ ነዳጅ ነው የሄደው። የአገራችን ባንዲራ የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦችም አሉ። ባህር ዳር ላይ አልተቀመጥንም እንጂ በየቀኑ በእነዚያ እንስሳት ቤት ውስጥ እናልፋለን።

ልጁ ጣቱን ከካርታው ሳያነሳ ትንሽ ቆየ። «ልጣጩ እኛ ነን» አለ።

ጎንደር ደግሞ ለቀይ ባህር ባይተዋር ሆና አታውቅም። የነገሥታቱ ዘመን ጨርቁም መስተዋቱም እንግዳውም በምጽዋ በኩል ነበር የሚመጣው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ምጽዋ የወረደው እ.ኤ.አ. በ1769 ነው፤ ጎንደር የገባው በሚቀጥለው ዓመት። ከመተማ ወዲያ ሱዳን ውስጥም፣ ቀይ ባህር ዳር፣ ዱንጎናብ የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ። የባህር ላሞች የባህር ሣር የሚግጡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ስነግራቸው ሁለት ልጆች ስሙን ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ማታ የነነዌ ጾም የመጨረሻው ነው። እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቡና አፈላን። ስልኬ ላይ ከውሃ የወጣ የሃምፕባክ ጅራት ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስመጡ። ጅራቱ ላይ ያለው ምልክት እንደ ሰው አሻራ መሆኑን፣ አንዷን ከአንዷ በዚያ እንደሚለዩ ነገርኳቸው።

«እና ለእያንዳንዷ ስም አላቸው?»

ብዙዎቹ አላቸው።

«ይሄ ጥሩ ነው» አሉ። «ስም ያለው ሲጠፋ ይፈለጋል።»

ሐሙስ፣ ጥር 28፤ አዘዞ

እማማ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ በላስቲክ የታሰረ ዳጣና ቆሎ አስያዙኝ። ገመዱን ለትምህርት ቤቱ ስለተውኩት ሻንጣው ቦታ ነበረው። ወደ አዘዞ የሄድኩት በመስመር ሚኒባስ ነው። ቅዳሜ 900 ብር የከፈልኩበትን መንገድ በ60 ብር ሄድኩት።

አውሮፕላን እየጠበቅን ጓደኛዬ ደወለች። ጋሼ ደውለውላት ነበር። ሌሊት ሲያስቡት አንዱን ቦታ ተሳስተዋል። ከድርማ አጠገብ ያስቀመጧት የጉማሬ ፍሬ ያለችበት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ አሁን ደንገሉ ስለተቆረጠ ወደ ምሥራቅ ሄዳለች። ልጆቹ እንዲያርሙት፣ የድሮውንም እንዳያጠፉት ነግረዋታል።

«በሌላ ቀለም እናድርገው?» አለችኝ።

በሌላ ቀለም አድርጉት፣ ዓመቱንም ጻፉበት፣ አልኳት። ከስልኩ ወዲያ ልጆቹ ሲሯሯጡ ይሰማኛል። እርሳስ የሚፈልግ አለ። ወንበር ላይ የወጣች ልጅ «እዚህ ነው? ትንሽ ወደ ቀኝ ነው?» ትላለች።